«ፕሮስቴት አለብህ»

ሐይቅ ከተማ ላይ አንድ ጎልማሳ ደሴ ታክሞ ተመልሶ «ፕሮስቴት አለብህ ተባልኩ» ካለ ቤቱ ወዲያው የለቅሶ ቤት ይመስላል። ሚስት ዝም ትላለች። ታላቅ ወንድም ስልኩን አንስቶ አዲስ አበባ ወዳለ ዘመድ ይደውላል። ጎረቤት «አብሽር፣ አላህ ያሽርሃል» ብሎ ይወጣና በር ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እጢ ነው አሉ» ይላል። ሰውየው ሠላሳ አምስት ዓመት እንኳ አልሞላው ይሆናል። የያዘውም ካንሰር ላይሆን ይችላል፤ በዚያ ዕድሜ ደግሞ አለመሆኑ እርግጠኛ ለመባል የቀረበ ነው።

ረጋ ብሎ ላየው «ፕሮስቴት አለብህ» ማለት «ጉበት አለብህ» እንደማለት ነው። ፕሮስቴት ሳይኖረው የተወለደ ወንድ የለም። ከሽንት ፊኛ በታች የሽንት ቧንቧን እንደ ቀለበት ከቦ የተቀመጠ፣ በጎልማሳ ወንድ ላይ 20 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ የዘር ፈሳሹን ከፊል የሚያመነጭ የሰውነት ክፍል ነው። ጣጣው ያለው ቃሉ ላይ ነው። ሐኪሙ «እጢ» ሲል አካሉን ማለቱ ነው። ታማሚው «እጢ» ሲባል የሚታየው አንገት ወይም ጡት ላይ የሚወጣው፣ ቢላዋ የሚጠይቀው፣ ብዙ ጊዜም ሰው ይዞ የሚሄደው እብጠት ነው። አንድ ቃል ሁለት ቦታ ቆሞ ሲገኝ ምን እንደሚከተል አምባሰል ከማንም በላይ ማወቅ ነበረበት። ውጫሌ የአምባሰል ከተማ ናት፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚያ የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው አንድ፣ በጣሊያንኛው ሌላ ነገር ይል ነበር። ያ ውል አድዋ ድረስ ሄዷል። የሐኪምና የታማሚ አለመግባባት አድዋ አያደርስም፤ አንድን ሰው ግን ለዓመታት በሐሳብ ሊያከሳው ይችላል።

«ፕሮስቴት» በሚለው የመንደር ቃል ውስጥ ሦስት የተለያዩ ሕመሞች ታጭቀዋል። አንደኛው ዕድሜ ሲገፋ የሚመጣው የእጢው መግዘፍ ነው፤ ሽማግሌውን ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ያስነሳል እንጂ ካንሰር አይደለም። ሁለተኛው ካንሰሩ ነው፤ በአብዛኛው ከ50 ዓመት በኋላ የሚታይ። ሦስተኛው ብግነቱ ነው፤ እጢው ወይም በዙሪያው ያለው ሁሉ ተቆጥቶ ሽንት ሲያቃጥል፣ ከብልትና ከፊንጢጣ መካከል ያለው ቦታ ሲያም፣ ከወሲብ በኋላ ሲጠዘጥዝ፣ ሸንተው ሲጨርሱ ፊኛው ባዶ ያልሆነ ሲመስል። ስለ መጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቢያንስ በሬዲዮ ይወራል። ስለ ሦስተኛው የሚያወራ የለም፤ ወጣቱን የሚይዘው ግን እሱ ነው። የአሜሪካ መዝገቦች እንደሚያሳዩት ከ50 ዓመት በታች ያሉ ወንዶች ወደ ሽንት ሐኪም ሲሄዱ በብዛት የሚጻፍላቸው ምርመራ ይኸው ብግነት ነው።

ወጣቱ ታዲያ «ፕሮስቴት» የሚለው ቃል ላይ ከመድረሱ በፊት ሌላ ስም ይዞ ይቆያል፤ «ብርድ ነው» የሚለውን። ለምሳሌ ከደሴ ወልድያ የሚመላለስ አንድ የሚኒባስ ሾፌር ይታሰብ። ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ ውርጌሳ፣ መርሳ፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ነው የሚውለው። መንገድ ላይ እንዳይቸገር ውኃ አይጠጣም። ሽንቱ ያቃጥለው ሲጀምር እናቱ «ድንጋይ ላይ ተቀምጠህ ነው» ይሉታል፤ አንዱ ጓደኛው ጨረቃ ላይ ሸንተሃል ይለዋል፤ ሌላው ይስቅና «የት አምሽተህ ነው?» ይለዋል። ይህ ሳቅ ነው አፉን የሚዘጋው። ምክንያቱም በአካባቢው አእምሮ ወንድ ልጅ ሽንቱ ካቃጠለው ጨብጥ ነው፤ ጨብጥ ከሆነ ደግሞ ሚስት አለች፣ አማት አለች፣ ሰፈር አለ። ስለዚህ መድኃኒት ቤት ይሄዳል፤ ያውም በሰፈሩ ያለው ቀርቶ ሰው የማያውቀው ጋ።

«ሽንት ሲያቃጥል የሚሰጥ አለ?»

«ላንተ ነው ወንድሜ?»

«ለጓደኛዬ ነው።»

የጓደኛው ሲፕሮ በወረቀት ተጠቅልሎ ይወጣል፤ የአምስት ቀን፣ ሲበዛ የሰባት። ማዘዣ የጠየቀው የለም። ሕጉ ያለ ማዘዣ አይሸጥም ይላል፤ ሕጉን ሻጩም ገዢውም ያውቁታል። ትንሽ ይሻለዋል። በወሩ ይመለስበታል። ቀጥሎ አሞክሲሲሊን፣ ቀጥሎ ዶክሲሳይክሊን፣ ቀጥሎ መርፌ። ሁለት ዓመት እንደዚህ ካለፈ በኋላ አንድ ክሊኒክ አልትራሳውንድ ያነሳውና «ፕሮስቴትህ ትንሽ ገዝፏል» ይለዋል። ከዚያ በኋላ ያለው የለቅሶ ቤቱ ነው።

መድኃኒቱ ለምን አልሠራም? አንዱ መልስ፣ ምናልባት ቀድሞውንም የሚገድለው ባክቴሪያ አልነበረም የሚል ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የሰበሰባቸው ሐኪሞች ብግነቱን በአራት መደብ ከፍለውታል፤ ዛሬም የሚሠራበት ይኸው ነው። የመጀመሪያው ድንገተኛው የባክቴሪያ ብግነት ነው፤ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የሽንት መታገት ይዞ ይመጣል፤ ሰው አይደብቀውም፣ ሊደብቀውም አይችልም። ሁለተኛው የባክቴሪያው ሥር የሰደደ ዓይነት ነው፤ እየሄደ የሚመለስ የሽንት ኢንፌክሽን ይመስላል፤ ሽንት በተመረመረ ቁጥር ያው አንድ ተህዋስ ይገኛል፣ አብዛኛውን ጊዜ ኢ. ኮላይ። ሦስተኛው ሥር የሰደደ የዳሌ ሕመም ነው፤ ቢያንስ ሦስት ወር የቆየ ሕመም አለ፣ ባክቴሪያ የለም። አራተኛው ምንም ስሜት የሌለው፣ በሌላ ምርመራ ሲፈለግ በአጋጣሚ የሚገኝ ነው። ብግነት አለባችሁ ከሚባሉት ወንዶች ከመቶ ዘጠና የሚሆኑት በሦስተኛው ውስጥ ይወድቃሉ። ማለትም ከአሥር ሾፌሮች ዘጠኙ የሚውጡት ሲፕሮ የሚያገኘው ጠላት የለም።

የቀረው አንዱ ደግሞ የተሳሳተ መድኃኒት ለተሳሳተ ጊዜ ነው የሚወስደው። የፕሮስቴት እጢ እንደ ግንብ ነው፤ በከባድ ትኩሳት ጊዜ ካልሆነ በስተቀር አሞክሲሲሊንና ዘመዶቹ እምብዛም አይገቡበትም። ሲፕሮ በደንብ ይገባል፤ ግን ሥር ለሰደደው ዓይነት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ያስፈልገዋል እንጂ አምስት ቀን አይበቃውም። አምስት ቀን የተመታ ባክቴሪያ ሳይሞት ይማራል። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የተደረጉ የሽንት ጥናቶች ኢ. ኮላይ ለአምፒሲሊንና ለአሞክሲሲሊን በብዛት እንደማይበገር ደጋግመው አሳይተዋል፤ ይህን ያስተማረው ያ በወረቀት የተጠቀለለው ነው። ሲፕሮም ቢሆን የከረሜላ ያህል የሚታይ አይደለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2008 እ.ኤ.አ. በዚህ የመድኃኒት ቤተሰብ ላይ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍ ያዘዘው የተረከዝ ጅማት እስከመበጠስ ስለሚያደርስ ነው። ተረከዙን ፍሬን ላይ አሳርፎ ለሚውል ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሐይቅ ላይ አንድ የራሱ ግራ መጋባት አለ፤ ሐይቁ። ሽንት ካመመ «ከሐይቁ ነው፣ ቢልሃርዚያ ነው» የሚል አይጠፋም። ግማሹ እውነት ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሐይቅ ከተማን አዲስ የቢልሃርዚያ መገኛ አድርጎ መዝግቧታል። ነገር ግን እዚያ የተገኘው የአንጀት ቢልሃርዚያ ነው፤ ሆድንና ጉበትን ይጎዳል እንጂ ሽንትን በማቃጠል አይታወቅም። የሽንት ቢልሃርዚያው ሌላ ትል ነው፤ በኢትዮጵያ የሚታወቀው በአዋሽ ሸለቆ፣ በኩርሙክና በታችኛው ዋቢ ሸበሌ ነው። እዚህ ላይ የወሎ ሰው ቆም ማለት አለበት፤ ምክንያቱም ወሎዬ አዋሽን ያውቀዋል። ስንት ወጣት ነው ዱብቲና አሚባራ ወርዶ ጥጥ ለቅሞ የተመለሰ! የዚያኛው ትል እንቁላል ፊኛ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ፕሮስቴትና የዘር ከረጢቶች ድረስ ይደርሳል። ሽንቱ ሲያልቅ ደም የሚወጣው ወይም የዘር ፈሳሹ ደም የቀላቀለ ሰው አፋር ሠርቶ ከሆነ ለሐኪሙ ይህንኑ መናገር አለበት። ሐኪሙም ቢሆን «አዋሽ ነበርክ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አለበት፤ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፣ ሲፕሮ አያገኘውም።

ስለ ጫት ደግሞ ዝም ማለት አይቻልም። በሐይቅና በአምባሰል ዙሪያ ጫት የገበያም፣ የዱዓም፣ የጨዋታም ነገር ነው፤ ያንን መንቀፍ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ግን የመን ውስጥ ጤነኛ ወንዶች ላይ ተሞክሮ በ1995 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ፦ ጫት ሲቃም የሽንት ፍሰት ይቀንሳል፤ የፊኛን አንገት የሚያላላ መድኃኒት ሲሰጥ ያ ውጤት ይቀለበሳል። የጫቱ ቅመም የፊኛ አንገትና ፕሮስቴት ላይ ያለውን ጡንቻ ያጠብቃል፤ የሽንት ቧንቧው ይጠባል። ቃሚዎች ይህን ከየመኖች አልተማሩትም፤ «ሲቃም ሽንት ይጠፋል» የሚለው ድሮም የነበረ ወሬ ነው። ጤነኛ ሰው ማታ ሸንቶ ይገላገለዋል። የዳሌው ጡንቻ ቀድሞውንም ተኮማትሮ ለያዘው ሰው ግን ከሰዓት በኋላ ሙሉ አንድ ፍራሽ ላይ ተቀምጦ፣ ቃሙን በቡና እያወራረደ፣ ሽንቱን እየያዘ መዋል እሳት ላይ ቤንዚን ነው። ብርድን በሚመለከትም የሐይቅ እናቶች ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ብርድ ሕመሙን አያመጣውም፤ ያብሰዋል እንጂ። በሰሜን ፊንላንድ የተጠየቁ የዚህ ሕመም ታማሚዎችም አብዛኞቹ ክረምት ላይ እንደሚብስባቸው ተናግረዋል። ሙቅ ውኃ በገንዳ ሞልቶ መቀመጥ የሚያሽለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ ሕመም ሰውን ሲያሸንፈው በሕመሙ ብቻ አይደለም። ሸንቶ ከተነሳ በኋላ ጥቂት ጠብታ የሚከተለው ሰው ውዱእ አድርጎ መስጊድ ይደርሳል፤ ሰፍ ላይ ሲቆም ይጠራጠራል፤ ይመለሳል፤ እንደገና ይታጠባል። ጁምዓ ላይ በር ላይ መቆም ይጀምራል፣ ከዚያም ቤት ይሰግዳል፣ ሰዎችም «ምን ሆነ?» ማለት ይጀምራሉ። ፊቅህ ለዚህ ሰው መላ አለው፤ ጠብታው የማይቆምለት ሰው ለእያንዳንዱ ሰላት አዲስ ውዱእ አድርጎ ይሰግዳል። ይህን መላ ለማግኘት ግን ሼኩን መጠየቅ፣ ለመጠየቅም መናገር ያስፈልጋል። ክርስቲያኑም ያው ነው። ቅዳሴ መሐል ወጥቶ መመለስ እያሳፈረው ደጀ ሰላም ውጭ ቆሞ ማስቀደስ ይለምዳል። ቤት ውስጥ ደግሞ ከወሲብ በኋላ የሚመጣውን ሕመም ፈርቶ ከሚስቱ ይሸሻል፤ እሷ ሌላ ሴት ይዟል ትላለች። እሱ «አመመኝ» ከማለት ያንን ጥርጣሬ መሸከም ይመርጣል። የወንድነት ነገር እንዲህ ነው፤ በማያሳፍር ነገር አፍሮ በሚያሳፍር ነገር መጠርጠርን ይቀበላል።

ገንዘብ አይደለም የሚያስቀረው፤ ቢያንስ ሁልጊዜ አይደለም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአገሪቱ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ከአማራ ክልል ከፎገራና ከደቡብ አቸፈር ጋር የተመረጠችው የሐይቅ ወረዳ ተሁለደሬ ነበረች። አባወራው ካርዱን በኪሱ ይዞ ነው ሲፕሮውን በጥሬ ገንዘብ የሚገዛው። ካርዱ የሚሠራው ጤና ጣቢያ ገብቶ፣ ስም አስጽፎ፣ ሰልፍ ተይዞ፣ ሕመሙን ለባለሙያ በመናገር ነውና። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ሥራቸው ነፍሰ ጡሯን፣ ሕፃኑን፣ ክትባቱን፣ የቤተሰብ ምጣኔውን ማዳረስ ነው፤ ይህንንም በሚገባ ሠርተውታል፣ የስንት እናት ነፍስ ተርፏል። ግን የጤና ሥርዓቱ ወንድ ልጅን ከክትባት ዕድሜው በኋላ የሚጠራበት አጋጣሚ የለውም። ሴት ልጅ በእርግዝና ምክንያት ብትወድም ባትወድም ስለ ሰውነቷ መናገር ትለምዳለች። ወንዱ አርባ ዓመት ሳይለምድ ኖሮ አንድ ቀን ስለ ብልቱ እንዲናገር ይጠበቅበታል፤ ለዚያውም የልጁ እኩያ ለሆነች ነርስ፣ በሩ በማይዘጋ ክፍል። በሩን መዝጋት ትልቅ በጀት አይጠይቅም።

ሌላው ነገር የደሴው መንገድ ነው። ሐይቅ ለደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ወደ ላይ የሚላክ ሕመምተኛ መድረሻው የደሴው ሆስፒታል ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ደሴ በሕወሓት ኃይሎች እጅ በወደቀች ጊዜ ያ ሆስፒታል ተዘርፎ፣ ዕቃው ተሰባብሮ ነበር የተገኘው። ያን ጊዜ ቀጠሮ የነበረው ሰው መድኃኒት ቤትን ቢለምድ አይፈረድበትም። ጦርነት እንዲህ ያለውን ልማድ ትቶ ነው የሚሄደው፤ ሕንፃው ሲታደስም ልማዱ አብሮ አይታደስም።

ሐኪም ጋ የደረሰ ሰው ምን ይጠብቀው? መጀመሪያ ጥያቄ፤ የት እንደሚያመው፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ሽንቱ እንዴት እንደሆነ፣ ኑሮው ላይ ምን እንዳደረሰ። ከዚያ የሽንት ምርመራ፣ ቢቻል ካልቸር። ከዚያ ወንዶች ሁሉ የሚፈሩት፣ በፊንጢጣ በኩል በጣት የሚደረገው። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ስለ እሱ የሚወራው ቀልድ ከምርመራው ይልቅ ብዙ ሰው ጎድቷል። የፒ.ኤስ.ኤ. የደም ምርመራ ግን በብግነቱ መሐል ባይሠራ ይሻላል፤ ብግነት ራሱ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋልና ካንሰር የሌለበትን ሰው በካንሰር ያስጠረጥረዋል። ብግነቱ ከበረደ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ይደገማል። ባክቴሪያ የሌለበት የዳሌ ሕመም ደግሞ አንድ ክኒን የለውም፤ ይህን ቀድሞ መስማት ይጠቅማል። ታምሱሎሲንን የመሰለ የፊኛ አንገት የሚያላላ መድኃኒት፣ የሕመም ማስታገሻ፣ የዳሌ ወለል ጡንቻን የሚያፍታታ ፊዚዮቴራፒ፣ ሙቅ ውኃ፣ ከመቀመጫ እየተነሱ መንቀሳቀስ፣ የሚያብሰውን ቡናና በርበሬ ማቅለል፣ ጭንቀትን ማከም፤ ለአንዱ ይኸኛው፣ ለሌላው ያኛው ይሠራለታል። ወራት ይፈጃል፤ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ካንሰር አይደለም፤ ወደ ካንሰር ይለወጣል የሚባለውም የተረጋገጠ ነገር አይደለም።

ቀጠሮ የማይጠብቀው አንድ ሁኔታ ብቻ ነው፤ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከሽንት ሕመም ጋር ከመጣ፣ ወይም ሽንት ጨርሶ ከታገተ። ያ የዚያኑ ዕለት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሆስፒታል ነው። ባክቴሪያው ወደ ደም ሊገባ ይችላል፤ እንዲህ ባለ ጊዜ እጢውን ማሸት ደግሞ ክልክል ነው፣ «ላሽልህ» የሚል ወጌሻ ቢመጣም።

ለሌላው ሁሉ ጊዜ አለ። ደሴ ላይ የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቅርንጫፍ ባክቴሪያ የሚያሳድግ ላቦራቶሪ አለው፤ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ይወስዳል፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለውም አብሮ ይናገራል። ጉዞው እንዳይባክን ናሙናው መሰጠት ያለበት ክኒን ከመጀመሩ በፊት ነው። አዳሩን «ለማንኛውም» ብሎ ሁለት ሲፕሮ ውጦ የሄደ ሰው ሽንት ውስጥ ባክቴሪያው ቢኖርም ላቦራቶሪው ላይ አያድግም። ወረቀቱ ላይ «ምንም አላደገም» ተብሎ ይጻፋል፤ ሰውየውም ወረቀቱን ኪሱ ከቶ የሐይቅ መኪና ይሳፈራል።